በጆሮ የተነበበ ነፋስ

በሩን ቆልፌዋለሁ። ቁልፉ ሁለቴ መዞሩን ስላላመንኩ ተነስቼ ሦስቴ ነካካሁት። ደብተሩ ሽርጤ ስር ነው። ደረጃውን በሩጫ ስወጣ ጠርዙ ሆዴን ፍቆኛል፣ ያቃጥለኛል። ዶክተሯ ስልክ ለማንሳት ወጣ ስትል ነው ከመደርደሪያው መንጭቄው የወጣሁት። ደረጃው ላይ ጥበቃው "ምነው አንቺ፣ እሳት ተነሳ እንዴ?" አለኝ። "ውሃ ከፍቼ ረስቼ ነው" አልኩት። እንዲህ ዓይነት ውሸት ከአፌ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

አሁን ያለሁት ጠርሙስ የማጥብበት ክፍል ውስጥ ነው። ሰው ሁሉ ከሥራ ወጥቷል፣ ከዶክተሯና ከጥበቃው በቀር። የምጽፈው የጠርሙስ መለያ ወረቀት ጀርባ ላይ ነው፣ ሌላ ወረቀት የለኝም። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ስለዚህ ነገሩ ካልገባችሁ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የአጎቴ አይደለም። የአጎቴ ጥፋት አንድ ብቻ ነው፣ እሱንም እነግራችኋለሁ።

አጎቴ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። እዚህ የኃይል ምርምር ጣቢያ የመጣው ጉድጓድ ሊቆፍር ነው። ኮረብታው ላይ የነፋስ ምሰሶ ሊተክሉ ነበርና ቆፋሪ ፈለጉ፤ እሱ ሦስት ቀን ቆፈረላቸው። በአራተኛው ቀን ምሰሶው ሲቆም ልይ ብሎ ቀረ። ከዚያ ወዲያ አልወረደም። "ሦስት ቀን ቆፈርኩ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ገባሁበት" ይላል።

ምሰሶው አርባ ሜትር ነው። ጫፉ ላይ ሦስት ኩባያ የመሰሉ ነገሮች አሉ፣ ነፋስ ሲመታቸው ይሽከረከራሉ። ከነሱ የሚወርደው ሽቦ ከስር ወዳለችው የቆርቆሮ ቤት ይገባና ግድግዳ ላይ ያለችውን ባለመርፌ ሰሌዳ ያንቀሳቅሳል። መርፌዋ አምስት ላይ ከቆመች ነፋሱ በሰከንድ አምስት ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። ምሰሶው እንዳይወድቅ ደግሞ ዙሪያውን በብረት ገመድ ከመሬት ጋር ተወጥሮ ታስሯል። ገመዶቹን ያዙልኝ፣ እመለስባቸዋለሁ።

የአጎቴ ሥራ በቀን አምስት ጊዜ መርፌዋን አይቶ ደብተር ላይ መጻፍ ነው። ዝናብ አይል፣ እሑድ አይል፣ ትኩሳት አይል። በሠርጉ ቀን ሙሽራዋን መኪና ውስጥ አስቀምጦ የዘጠኝ ሰዓቱን ጽፎ ነው የወረደው። ሚስቱ እትዬ እስከ ዛሬ አልማረችውም። "እኔ ሁለተኛ ሚስት ነኝ" ትላለች፣ "መጀመሪያ ያገባው ምሰሶውን ነው። እሷስ ቀጥ ብላ ቆማለች፣ እኔን ነው ያጎበጠኝ።" ሰዉ ደግሞ "ነፋሱ" ነው የሚለው። "ነፋሱ፣ እንዴት ዋልክ?" ሲሉት "አራት ተኩል" ብሎ ያልፋል።

አንዴ "ይሄ ሁሉ ቁጥር ምን ያደርጋል?" አልኩት።

"ለአንድ ቀንማ ማንም ነፋስ ጀግና ነው" አለኝ። "ያንን ትልቁን ማሽን ከመትከልሽ በፊት ዓመት ሙሉ ምን ሲሠራ እንደሚውል ማወቅ አለብሽ። ሴት ልጅ እንደ መዳር በይው። ጠይቀሽ፣ አጣርተሽ ነው።"

እኔ የመጣሁት የዛሬ ስድስት ዓመት አባቴ ሲሞት ነው። አጎቴ ልጅ የለውም። እትዬ አልጋዋ አጠገብ ፍራሽ አነጠፈችልኝና "እንግዲህ ኩርፊያ አልወድም" አለችኝ፣ በቃ ልጃቸው ሆንኩ። ወር ሳይሞላ ጣቢያው ውስጥ ጠርሙስ አጣቢ ሆኜ ገባሁ። ስንት ባለ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሥራ አጥቶ ሲዞር እኔ እንዴት እንደገባሁ አልጠየቅኩም። ሥራ ያገኘ ሰው ጥያቄ ይጠፋዋል።

የምሠራው ለዶክተሯ ነው። የእሷ ምርምር ነፋስ አይደለም፣ ብርሃን ነው። ምድር ቤት ውስጥ መስኮት የሌለው ክፍል አላት፣ ውስጡ ዓይን የሚያጠፋ መብራት አለ። መብራቱ ፊት ባለቀጭን አንገት ጠርሙስ ይቆማል። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ የሚያምር ወይን ጠጅ ነው፤ የሟሟበት ነገር ስልሳ ካርቦን ተያይዘው ኳስ የሆኑበት ነው። በዓይን አይታይም እንጂ ኳስ ነው አለች። ብርሃን ሲመታው ከአየሩ ጋር ይያያዛል፣ ይለወጣል፣ ወይን ጠጁ ቀስ እያለ ቡናማ ይሆናል። በስንት ደቂቃ ምን ያህሉ እንደተለወጠ ለማወቅ በየሩብ ሰዓቱ በመርፌ ትንሽ ትንሽ ይቀዳል። አንድ ቀን ከፀሐይ ኤሌክትሪክ ለሚሠሩ ሰዎች ይጠቅማል ትላለች። ለእኔ የሚደርሰኝ ጠርሙሱ ነው። ቡናማው ታች ቀለበት ሠርቶ ይደርቅና አልለቅም ይላል።

አጎቴ ማታ ማታ ከምሰሶው ሲወርድ ለእሷ ናሙና ይቀዳላት ነበር፣ እስከ አምስት ሰዓት፣ አራት ዓመት ሙሉ። መጀመሪያ ቀን ስታስረዳው እኔም ነበርኩ።

"ኳሱን የሚመታው ማነው?" አላት።

"ብርሃን።"

"ጎል ሲገባስ በምን ይታወቃል?"

"ቡናማ ሲሆን።"

"እንግዲያ እኔ ዳኛ ነኝ" አለ። ዶክተሯ እስክታለቅስ ሳቀች። ክፉ ሰው አይደለችም። ክፉ ብትሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ በር ቆልፌ አልቀመጥም ነበር።

ከዚያ የአጎቴ ዓይን መድከም ጀመረ። በፊት ጠዋት ጠዋት አሸዋ የገባበት ይመስል ይቀላ ነበር። ዶክተሯ ጠብታ ገዛችለት። በኋላ መሃሉ ላይ ጉም የመሰለ ነገር መጣ። "እርጅና ነው" ይላል። ገና ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው እኮ! የዛሬ ሁለት ዓመት አካባቢ አንድ ቀን ምሳ ይዤለት ኮረብታው ላይ ስወጣ ሰሌዳዋ ፊት አፍንጫው እስኪነካት ተጠግቶ ቆሟል። እጁ ላይ እርሳስ አለ። ደብተሩ ላይ ምንም የለም።

"አይታይህም?" አልኩት።

"ዝም በይ" አለኝ። ወጣና ገመዱ አጠገብ ቆመ፣ አንገቱን ዘንበል አደረገ። ገመዶቹ ነፋስ ሲመታቸው ይዘምራሉ። ለእኔ ያው ኡኡታ ነው። እሱ ግን "አምስት ከሩብ" አለ። "ግቢና እይ።"

ገባሁና አየሁ። መርፌዋ አምስት ከሩብ ላይ ናት።

በማግስቱ "ሦስት ተኩል" አለ። ሦስት ተኩል። በሳምንቱ "ስምንት፣ ትንሽ ከፍ ይላል" አለ። ስምንት፣ ትንሽ ከፍ ይላል። አሥራ ሰባት ዓመት እያየም እየሰማም ነው የኖረው፤ ዓይኑ ሲደክም ጆሮው ሥራውን ተረከበ። እኔ እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቀረሁ። እሱ "አየሽ፣ ሚስቴ በድምጿ ነው የምታወራኝ" ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ ግን እጄን ያዘኝና "ለማንም እንዳትናገሪ" አለኝ። "ዓይነ ስውር አንባቢ የሚያሠራ መሥሪያ ቤት የለም። ጡረታዬ ጥቂት ነው የቀረኝ።"

ጥፋቱ ያልኳችሁ ይሄ ነው። አልተናገረም። ከዚያ በኋላ የጠዋቱን በቃሉ ይይዛል፣ ምሳ ሰዓት እወጣና እጽፍለታለሁ፣ ማታም እንደዚያው። መጀመሪያ ሁለት ወር ያህል ሁሌ ገብቼ መርፌዋን አይ ነበር። ስቶ አያውቅም። ኋላ በሳምንት አንዴ ሆነ። ኋላ ደግሞ ይበርደኝ ጀመር፣ ያስቸኩለኝ ጀመር፣ ቁልፉ ይጠብቅብኝ ጀመር። ተውኩት። ደጅ ቆሜ የነገረኝን ብቻ እጽፋለሁ። ይሄኛው የእኔ ጥፋት ነው።

የዛሬ አምስት ወር ሠራተኞች መጥተው የምሰሶውን ገመድ ቀየሩ። አሮጌው ዝጎ ነበር። ኢንጂነሩ ነው ያዘዘው፣ የነፋሱ ክፍል አለቃ። ማንም ለአጎቴ አልነገረውም፣ ገመድ ምኑ ነው ብለው። ያን ቀን እሱ ሐኪም ቤት ነበር። ሲመለስ በእጁ ዳሰሰው፣ "አዲስ ነው፣ ጥሩ አደረጉ" አለ፣ በቃ።

ከዚያ ወዲያ ነፋሱ በረታ። አራት የነበረው አምስት ተኩል፣ አምስት የነበረው ሰባት ሆነ። እኔም ጻፍኩ። ኢንጂነሩ ደስታውን አልቻለም። ትልልቆቹን የነፋስ ማሽኖች የሚተክሉ ሰዎች ሌላ ቦታ ሊመርጡ ሲሉ ይሄን ቁጥር ላከላቸው፣ እነሱም ሐሳባቸውን ቀየሩ። ኮረብታው ላይ ወጥቶ አጎቴን አቅፎ ፎቶ ተነሳ። "ነፋሱ፣ አንተ እኮ የጣቢያው ዓይን ነህ!" አለው። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። አጎቴ ግን ካሜራው ካለበት ትንሽ ወደ ጎን ዞሮ ፈገግ አለ። ፎቶው አሁንም ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሏል።

ሰዎቹ ግን ጠንቃቆች ናቸው። የዛሬ ሁለት ወር በራሱ የሚመዘግብ መሣሪያ አምጥተው ምሰሶው ጫፍ ላይ አሰሩ፣ ትናንት አውርደው ቁጥሩን ከደብተሩ ጋር አስተያዩ። አይገናኝም። ሰማይና መሬት ነው።

ዛሬ ጠዋት ኢንጂነሩ አስጠራኝ። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ጣቱን አንድ መስመር ላይ አድርጎ "ይሄ የማን ጽሑፍ ነው?" አለኝ።

"የእኔ ነው። አጎቴ እየነገረኝ።"

"መርፌውን አይተሻል?"

ጣቱ ያረፈበትን መስመር አየሁ።

"አይተሻል ወይስ አላየሽም?"

"አላየሁም።"

ወረቀት ገፋ አደረገልኝ። ተጽፎ ያለቀ ነው። አንባቢው ቁጥሩን ከራሱ እየፈጠረ ሲነግረኝ እንደነበር፣ መሣሪያውን ሲያይም አይቼው እንደማላውቅ ይላል። "ሽማግሌው ይሰናበታል። ያለፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ደብተሮችም ተዓማኒነት የላቸውም ተብለው ይወገዳሉ" አለኝ። "ይሄ ወረቀት ነገ ጠዋት ወደ ላይ፣ ወደ አለቆቹ ይሄዳል። አንቺ ወይ ምስክር ነሽ፣ ወይ ተባባሪ ነሽ። ምረጪ።"

"ኢንጂነር፣ አጎቴ እኮ..."

"ምረጪ አልኩሽ።"

ፈረምኩ። እንዲህ አድርጌ፣ በዚሁ እጄ። አስገደደኝ ብዬ ልጽፍ ፈልጌ ነበር። አላስገደደኝም፣ ፈርቼ ነው። ብዕሩን ስመልስለት "አመሰግናለሁ" ብዬዋለሁ። ይሄንን ማን ይረሳልኛል?

ምሳ ሰዓት ቤት ሮጥኩ። አጎቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። የቤቱን ቁልፍ በጣቱ እያዞረ ነው፣ የቆርቆሮዋን ቤት ቁልፍ ወስደውበት። እትዬ ልብስ ታጣጥፋለች፤ የታጠፈውን ፈታ እንደገና ታጥፋለች።

"ፈርሜያለሁ" አልኩ።

"ደግ አደረግሽ" አለ አጎቴ።

"ደግ አደረግሽ?" እትዬ ልብሱን ወረወረችው። "ደግ አደረግሽ ይላል! ይቺ ልጅ ዓይንህን የት እንደጣልከው ታውቃለች? ንገራት!"

"አንቺ ሴትዮ፣ ተይ።"

"አልተውም! ስድስት ዓመት ተውኩ።" ወደ እኔ ዞረች። "ሥራ ማን ያስገባሽ መሰለሽ? ውበትሽ? ስምንተኛ ክፍልሽ? ዶክተሯ ማታ የሚቀዳላት ሰው አጥታ ነበር፣ ለሱ ደግሞ በጀት የላትም። 'ልጄን አስገቢልኝ፣ እኔ በነጻ እቀዳልሻለሁ' አላት። ዓይኑን ቀድቶ ቀድቶ ነው ጠርሙስ ያስጨበጠሽ!"

ነገሩ፣ እትዬ እንዳወጣችው፣ እንዲህ ነው። የመብራቱ ክፍል በር ላይ መቆጣጠሪያ አለ፣ በሩ ሲከፈት መብራቱ ይጠፋል፣ ሰው እንዳይጎዳ። ግን አንዴ ከጠፋ እስኪበርድና እንደገና እስኪነሳ ብዙ ደቂቃ ይፈጃል፣ የዶክተሯ ልኬት ይበላሻል። በየሩብ ሰዓቱ ደግሞ በሩ መከፈት አለበት። ስለዚህ ዶክተሯ መቆጣጠሪያውን በፕላስተር አሸገችው። መብራቱ እየነደደ አጎቴ በአንድ ማታ አሥራ ስምንት ጊዜ ገብቶ ፊቱ ቆሞ ይቀዳል። መከላከያው መነጽር አንድ ብቻ ነው፣ የዶክተሯ። እሱ ከመንገድ ላይ ጥቁር መነጽር ገዛ። ጥቁር ከሆነ የሚከላከል መስሎት።

"እና ለምን አትናገርም?" አልኩት። "ዓይንህ እዚያ ነው የጠፋው በል!"

"ብዬ?" ፊቱን ወደ ድምፄ አዞረ። "ዶክተሯ ትጠየቃለች፣ ክፍሉ ይዘጋል፣ አንቺ ትወጫለሽ። ዓይኔን የሰጠሁት አንቺ እንድትኖሪ ነው። አሁን ሥራሽንም ጨምሬ ልስጣቸው? ሁለት ጊዜ ልክሰር?"

"ቁጥሩን ግን ፈጠርከው እንዴ?"

ጥያቄውን ከአፌ ሳወጣው ጸጸተኝ። ቁልፉን ማዞር አቆመ። "እኔ ነፋስ አልዋሽም" አለ ቀስ ብሎ። "ሰው ዋሽቼ አውቃለሁ። ነፋስ ላይ ዋሽቼ አላውቅም። የሰማሁትን ነው ያልኩት። ነፋሱ ራሱ ተለወጠ፣ ድምፁ ቀጠነ።"

ከቤት ስወጣ ይሄ "ቀጠነ" ያለው ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ አልወጣ አለ። ወደ ሥራ አልሄድኩም፣ ኮረብታው ላይ ወጣሁ። የቆርቆሮዋ ቤት ተቆልፏል፤ መርፌዋ ግን በመስኮቱ ትታያለች። ገመዱ ስር ቆምኩ። ሁለት ዓመት አብሬው ስለቆምኩ እኔም ትንሽ ትንሽ መለየት ጀምሬያለሁ። አጎቴ ይሄንን ድምፅ ሲሰማ ሰባት ይላል። መስኮቱ ላይ ግንባሬን ለጥፌ አየሁ። መርፌዋ አምስት ላይ ናት።

ከቤቷ ጀርባ አሮጌው ገመድ ተጠቅልሎ ተጥሏል፣ ዝገት በዝገት። በሁለት ጣቴ ለካሁት፣ አዲሱንም ለካሁት። አዲሱ ቀጭን ነው። ጠርሙስ አጣቢ ነኝና ይሄን አውቃለሁ፤ ትንሿን ጠርሙስ አፏ ላይ ስትነፊባት ከትልቋ ይልቅ ቀጭን ድምፅ ነው የምትሰጠው። ነፋሱ ያው ነው፣ ገመዱ ነው የቀጠነው። አጎቴ ደግሞ ያንን ሊያይ አይችልም። ሲዳስሰው አዲስነቱን እንጂ ቅጥነቱን ልብ አላለም።

እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ በእርሳስ ሠራሁት። ጠዋት ኢንጂነሩ የዘረጋው ደብተር ላይ ያየኋቸው ጥቂት ቁጥሮች ትዝ ይሉኛል፣ የእኔ ጽሑፍ አይደሉ? የአዲሱም መሣሪያ ቁጥር ጎናቸው በቀይ ተጽፎ ነበር። ሰባት ያለው አምስት። አምስት ተኩል ያለው አራት፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ። ስምንት ተኩል ያለው ስድስት ከምናምን። ሁሉም ሰባት ለአምስት ነው! አንድም የሚያፈነግጥ የለም። ከራሱ የሚፈጥር ሰው ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ አድርጎ መፍጠር ይችላል? ቀጥ ያለ ነው፣ እንደ መስመር።

እየሮጥኩ ወርጄ ለኢንጂነሩ አሳየሁት። እውነቱን ሁሉ ነገርኩት፣ ዓይኑን፣ ጆሮውን፣ ገመዱን። ወረቀቴን አየ። ካልኩሌተሩን አወጣና ሦስት አራት ቁጥር ነካካ። ፊቱ ተለወጠ። እንደገባው አየሁ። ለአንድ ደቂቃ ያህል ዳንን ብዬ ነበር።

"ገመዱን ያዘዝኩት እኔ ነኝ" አለ፣ ለራሱ የሚያወራ ይመስል።

"አዎ ኢንጂነር። እሱ አልተነገረውም።"

ወረቀቴን አጠፈው። "ስሚ። ውሸታም አንድ ሰው ነው፣ ይባረራል፣ ያልቃል። ዕውር ከሆነ ግን እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ አላየሁትም ማለት ነው። አቅፌው ፎቶ ተነስቼ! ለሰዎቹ ምን ልበላቸው? ነፋሱን በጆሮ ነው የለካነው ልበል?"

"እውነቱ ግን እሱ ነው።"

"እውነት ያለ ወረቀት ወሬ ነው።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ዓይኑ እዚህ ሥራ ላይ መጎዳቱን የሚያሳይ ወረቀት ካለ፣ ያኔ ሌላ ነው። የሥራ ጉዳት ይባላል፣ ጥፋቱም የእኔ ክፍል አይሆንም። እስከ ነገ ጠዋት አምጪ። ካላመጣሽ የፈረምሽው ይሄዳል።"

ስለዚህ ወደ ዶክተሯ ወረድኩ። ገና ሳልናገር "ስለ አጎትሽ ሰማሁ" አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ የእውነት። "እንዴት ያለ ጥሩ ሰው!"

"ዶክተር፣ ዓይኑ በመብራቱ እንደተጎዳ ይጻፉልኝ። አንድ መስመር ብቻ።"

እንባው እዚያው ደረቀ። "በየትኛው መብራት?" አለች።

"በዚሁ።"

"በሩ ሲከፈት ይጠፋል እኮ። ነይ፣ እይ።" ይዛኝ ሄደች። በሩን ስትከፍት ጠቅ አለና ክፍሉ ጨለመ። መቆጣጠሪያው ንጹሕ ነው። ፕላስተር የለም፣ የፕላስተሩ ሙጫ እንኳ በአልኮል ተጠርጓል። ይሸታል ገና። "አየሽ?" አለችኝ። አላየችኝም ግን፣ በሩን ነው የምታየው። "ደግሞ እሱ እዚህ ሠራተኛ ሆኖ አልተመዘገበም። እንዴት ብዬ ልጻፍ? አንቺንም እንዳይነካሽ ነው የምፈራው። ሥራሽን ትወጃለሽ አይደል?"

"እወዳለሁ" አልኩ። ይሄንንም ፈርሜያለሁ በሉት።

ያኔ ስልኩ ጠራ፣ ወጣች። መደርደሪያው ላይ የማታ ናሙና ደብተሮች አሉ፣ ሦስት። የመጨረሻውን ሳብኩ። ገልጬ ያየሁት ሁለት ገጽ ብቻ ነው፤ እዚህ ከገባሁ በኋላ ነው ሁሉንም ያነበብኩት።

የአጎቴ ጽሑፍ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ናሙና ተቀዳ። ከሩብ ሰዓት በኋላ፣ ናሙና ተቀዳ። እንዲህ እያለ አሥራ ስምንት ጊዜ፣ በየማታው። ከእያንዳንዱ ማታ መጨረሻ ላይ ደግሞ "መብራቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አልተቋረጠም" ይላል፣ ዶክተሯም ስር ስሩ ፈርማለች። አሥራ ስምንት ጊዜ በር ተከፍቶ መብራቱ አንዴ እንኳ ካልጠፋ፣ መቆጣጠሪያው ታሽጎ ነበር ማለት ነው። በአልኮል የማይጠረግ ነገር ይሄው።

ሌላም አለ። ደብተሩ መጀመሪያ ላይ ጽሑፉ ትንንሽ ነው፣ መስመሩን ጠብቆ የሚሄድ፣ አንድ ገጽ ላይ ሃያ መስመር። መሃል አካባቢ ፊደሉ ያድጋል። ከዚያ ይተልቃል፣ መስመር ይስታል፣ ወደ ታች ይንሸራተታል። የመጨረሻው ገጽ ላይ አራት መስመር ብቻ ነው የበቃው፤ የሕፃን ጽሑፍ ይመስላል። ከስሩ የዶክተሯ ፊርማ አለ። ትንሽ፣ ቆንጆ፣ ቀጥ ያለ። ፊደሉ ሲያድግ እያየች ነው የፈረመችው። ኢንጂነሩም ፎቶ ላይ አቅፎት አላየውም። እኔም አንድ ቤት ውስጥ እየኖርኩ አልጠየቅኩም። ማየት የቻለ ሁሉ አላየም፣ የማያየው ሰውዬ ብቻ ሥራውን ሠራ።

አሁን በሩ ተንኳኳ። እጄ ቆመ።

"እዚያ ነሽ?" ዶክተሯ ናት።

"አዎ ዶክተር። ጠርሙስ እያጠብኩ ነው።"

"ከመደርደሪያው ደብተር አንስተሻል?"

ቧንቧውን ከፈትኩት፣ ውሃው እንዲጮህ። እሷም አልደገመችም። ግን አልሄደችም፣ ጥላዋ በበሩ ስር ይታየኛል። ጫማዋን አውቀዋለሁ፣ እናት ጫማ የሚመስል ለስላሳ ነው፣ በበዓል አንድ ጥንድ ለእኔም ገዝታልኛለች። አሁንም አድርጌዋለሁ።

ደብተሩን ለኢንጂነሩ ከሰጠሁት አጎቴ ውሸታም አይባልም፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱም አይጣልም። ግን ሊያስገኝልኝ ዓይኑን የሰጠበትን ሥራ እኔ በእጄ እጥለዋለሁ፣ "ሁለት ጊዜ ልክሰር?" ያለኝንም አከስረዋለሁ። ኢንጂነሩስ ደብተሩን ተቀብሎ መሳቢያው ውስጥ ቢቆልፈው? አድርጎት ያውቃል፣ ወረቀቴን አጥፎ ኪሱ ነው የከተተው። በሩን ከፍቼ ለዶክተሯ ከመለስኩላት ደግሞ ነገም ጠርሙስ አጥባለሁ። ቡናማዋን ቀለበት እፈትጋለሁ። ማታ ቤት እገባለሁ፣ አጎቴም "ደግ አደረግሽ" ይለኛል።

ውሃው እየፈሰሰ ነው። ጥላዋ አልተነሳም። ይሄንን ወረቀት የት እንደምደብቀው እንኳ አላሰብኩም። በሩን እከፍታለሁ፤ መከፈቱስ አይቀርም። ስከፍተው ደብተሩ በእጄ ይሁን ከሽርጤ ስር ይሁን፣ አላውቅም።